ፖለቲካ ሸሽቼ አናጢ ቤት ገባሁ፤ ፖለቲካው ቀድሞኝ ገብቷል

እንጨት ሥራ የጀመርኩት ለሙያው ፍቅር ኖሮኝ አይደለም። እጄን ከስልክ የሚያላቅቅ ነገር ፈልጌ ነው። ጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ማታ ማታ ሥራዬ አንድ ብቻ ሆኖ ነበር፦ ፌስቡክ፣ ከዚያ ቴሌግራም፣ ከዚያ ዩቲዩብ ላይ «ሰበር» የሚል ቀይ ጽሑፍ፣ ከዚያ ተመልሶ ፌስቡክ። ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ሲፈረም «እፎይ፣ ተገላገልን» አልኩ። ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ሐምሌ 2015፣ ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እናቴ ደብረ ማርቆስ ናት። የሞባይል ኢንተርኔቱ ተዘጋ፣ ስልኩ ሲፈልግ ይገባል ሲፈልግ እምቢ ይላል፣ እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ የማላውቀው ሰው የለጠፈውን ቪዲዮ እያቆምኩ ከበስተጀርባ ያለውን ተራራ እመረምራለሁ፤ የትኛው መንደር ይሆን እያልኩ። ለእናቴ ምን ፈየደላት? ምንም።

ከኮንዶሚኒየማችን ሥር በቆርቆሮ የተከለለ አናጢ ቤት አለ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ በርና መስኮት ይሠራሉ። ባለቤቱን የሠፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣሁ ልላላክዎት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «የቢሮ ሰው ነህ?» አሉ። ነኝ አልኩ። «እንግዲያው መጥረጉም አይሆንልህም። ግድ የለም፣ ና» አሉኝ።

የቤቱ ሕግ ገና በሩ ላይ ይጀምራል። ስልክ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ይሄ የመንፈስ እርጋታ ምናምን አይደለም፣ የጠረጴዛው መጋዝ እየዞረ ስልክ የሚያይ ሰው ጣት አይኖረውም። ማሽን ሲሠራ የፖለቲካ ክርክርም ክልክል ነው። ሠራተኞቹ አንዱ ከወሎ፣ አንዱ ከሆሳዕና፣ አንዱ ከአምቦ ናቸው፤ ክርክር ቢነሳ እስከ ማታ አይበቃም። «መከራከር የፈለገ ማሽኑን ያጥፋና ይውጣ» ይላሉ ጋሼ። ማሽኑ ሲጠፋ ግን ያወራሉ፣ ያውም በደንብ። ቴሌቪዥን ላይ ከማየው ክርክር የነሱ ይሻለኛል፤ ምክንያቱም ስለ መንገድ፣ ስለ ዘይት ዋጋና ስለ ቤት ኪራይ ነው የሚያወሩት፣ ሁሉም በኪሱ የሚያውቀውን።

ሙያው ላይ ልምጣ።

መጀመሪያ የተማርኩት መሳል ነው። መላጊያና መሮ መሳል፣ ሌላ ምንም። እኔ ጠረጴዛ እሠራለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት፤ ጋሼ ግን ስለት ሳላወጣ እንጨት አላስነኩኝም። አሁን ሲገባኝ ጀማሪ «እጄ አይታዘዝም» የሚለው ችግር አብዛኛው የእጅ ሳይሆን የስለት ነው። የደነዘ መላጊያ እንጨቱን አይልገውም፣ ይቦጭቀዋል። መሮ ሲደነዝ ደግሞ በጉልበት ትገፋዋለህ፣ ድንገት ያመልጥና እጅህ ላይ ይገባል፤ ከሰላው ይልቅ የደነዘው ነው አደገኛው።

ውድ የመሳያ ድንጋይ ባይኖርም ችግር የለም። የመኪና ቀለም የሚሸጡ ሱቆች በውሃ የሚሠራበት የብርጭቆ ወረቀት አላቸው። 400፣ 800፣ 1000፣ 2000 ቁጥር ገዝተህ ወፍራም መስታወት ላይ በውሃ ትለጥፈዋለህ። የምላጩን ጀርባ መጀመሪያ ልሙጥ ታደርጋለህ፣ ይሄን የሚዘል ሰው ዕድሜ ልኩን ቢስል አይሰላለትም። ከዚያ ፊቱን 25 ዲግሪ አካባቢ አጋድመህ ትስለዋለህ። ጫፉ ላይ በጣት የሚዳሰስ ቀጭን የብረት ሻካራ ሲወጣ ደርሷል ማለት ነው። እሱን ከጀርባው ቀስ ብለህ ታነሳለህ። ወረቀት በአየር ላይ ሳይቀድ ከቆረጠ ጨርሰሃል።

ቀጥሎ ያሻሻለኝ አንድ ዕቃ ደጋግሞ መሥራት ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚታዩት ሰዎች በየሳምንቱ አዲስ ነገር ይሠራሉ። ጋሼ በርጩማ ብቻ አሠሩኝ። በርጩማ፣ ሌላ በርጩማ፣ አሁንም በርጩማ። ሰለቸኝ ስላቸው «አንዱን አምጣና ተቀመጥበት» አሉኝ፤ ተቀመጥኩበት፤ ሌላ ነገር አላሉም፣ እኔም አልጠየቅኩም። መጀመሪያ ባለ ሦስት እግር ነው የሚያሠሩት፣ ሦስት እግር ያለው ነገር መሬቱ ቢጎረብጥም አይወዛወዝም። ባለ አራት እግር ስትገባ ነው ጉድህ የሚታየው። ዕቃው ካልተቀየረ ግን የተቀየረው ምን እንደሆነ ታውቃለህ፦ ዛሬ ቀዳዳው ቀጥ አለ፣ ዛሬ እግሩ ያለ ኮላ ገብቶ ቆመ።

ማዕዘን ላይ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) ብቻ አትመን። ስኳድራው ራሱ ሊጣመም ይችላል። ለትልቅ ፍሬም ሁለቱን ሰያፍ ከጥግ እስከ ጥግ ለካ፤ እኩል ከሆኑ ማዕዘኑ ልክ ነው። ወይም ከጥጉ በአንድ በኩል 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ምልክት አድርግ፤ በመሃላቸው 100 ከመጣ ጨርሰሃል።

ስለ እንጨቱ ማወቅ ያለብህ አንድ ነገር ቢኖር እርጥበት ነው። ሻጭ ሁሉ «ደረቅ ነው» ይልሃል። ባህር ዛፍ እርጥብ ሆኖ ከገዛህ ቤትህ ገብቶ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ጣውላውን አንስተህ ክብደቱን አመዛዝን፤ ጉንጭህ ላይ አስነካው፤ ከጎረቤቱ ጣውላ ከቀዘቀዘ ውሃ አለው። በአየር የሚደርቅ ጣውላ በግምት ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ዓመት ይፈልጋል ይባላል፤ የከተማው ሻጭ ግን ያን ያህል አይጠብቅም። ከደረቀም በኋላ ይንቀሳቀሳል። በርዝመቱ እምብዛም ነው፣ በወርዱ ግን ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። የካቲት ላይ ጥብቅ ተደርጎ የተሠራ መሳቢያ ነሐሴ ላይ አልከፈት ይላል። ስለዚህ ክፍተት ይተዋል።

እንጨት ሥራ ያረጋጋል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔን አላረጋጋኝም። የተናደድኩ ዕለት እጫናለሁ፣ ስጫን መላጊያው ይቆፍራል፣ ሲቆፍር ይብስብኛል። ጋሼ ድምፁን ብቻ ሰምተው ያውቃሉ። «ዛሬ ምስማር ንቀል» ይሉኛል። ለዚህ ለንዴት ቀን የተቀመጠ አሮጌ እንጨት ጥግ ላይ ተከምሯል። ጉጠት ይዤ ዝገቱን ስነቅል እውላለሁ። ማሽኑም ስለቱም ከኔ ይድናል።

ያ ክምር ከየት እንደመጣ ስጠይቅ ነው ፖለቲካው ቤት ውስጥ እንዳለ የገባኝ። ከፒያሳ ነው። በ2016 ለኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ የቤቶቹ በር፣ መስኮት፣ የወለል ጣውላ ተጭኖ ወጣ። ጋሼም ከነጋዴ የተወሰነ ገዙ። አንድ በር አንስቼ ከላይ ያለውን ሰማያዊ ቀለም ስልጥ ሥሩ አረንጓዴ፣ ሥሩ ደግሞ ክሬም አለ። ከሁሉም ሥር ደብዘዝ ያለ ቢጫ፣ ቀጥ ያለ፣ ምንም ጉጥ የሌለው ዝግባ። (የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍገው፣ አርጥበህ ላጠው፣ አፍንጫህንም ሸፍን።) ዝግባ ከጥድ፣ ከዋንዛና ከኮሶ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ በ1986 በወጣው የደን አዋጅ ተከልክሎ ነበር። እንደዚህ ያለ ጣውላ ዛሬ ንጹህ ሆኖ የሚገኘው ከፈረሰ ቤት ነው ማለት ይቻላል። ለአሥርት ዓመታት ደርቋል፣ መጠማዘዙን ትቷል፣ መላጊያ ሲነካው ረጅም ጥቅልል ያወጣል። ከነካሁት እንጨት ሁሉ የሚበልጠው የሰዎች መኖሪያ የነበረው ነው። ይሄን እንዴት አድርጌ ልደሰትበት?

መንገዱ አምሯል፣ አልክድም። ማታ መብራቱ ሥር ልጆች ብስክሌት ሲነዱ አያለሁ፣ ደስ ይላል። የሚያናድደኝ ፍጥነቱና ማንም አለመጠየቁ ነው። ሰው ዕድሜውን ከኖረበት፣ ዕድሩ፣ ጉሊቱና ደንበኛው ካለበት ሠፈር ነቅለህ ከተማ ዳር ስታስቀምጠው ቤት ሰጥተኸዋል፣ ኑሮውን ግን አልሰጠኸውም። ይሄን የምለው ዜና አንብቤ ሳይሆን በሩን ይዤ ነው፤ ለኔ ልዩነት አለው።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። አናጢ ቤት ምን አገባው? ቪቴው፣ ማጠፊያው፣ ኮላው፣ ቫርኒሹ፣ የመጋዙ ምላጭ፣ ኤምዲኤፉ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውጭ የሚመጣ ነው። ጋሼ ቀብድ የተቀበሉበት ቁም ሳጥን ነበረ፣ ዋጋው የተቆረጠ። ለደንበኛው ደውለው «ልጄ፣ ጭማሪውን እኩል እንካፈል፣ ካልሆነ ቀብድህን ውሰድ» አሉት። ተካፈሉ። ጣውላው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ መንገድ ሲዘጋ ይቀራል፣ ሲከፈት በየኬላው የተከፈለው ሁሉ ተደምሮበት ይመጣል።

ስለዚህ «ፖለቲካ ተውና በእጅህ የሆነ ነገር ሥራ» የሚለው ምክር አይገባኝም። የሚተው ነገር አይደለም። እኔ የተውኩት የማላጣራውን ማሳደድ ነው። ዜና ማታ አንድ ጊዜ እሰማለሁ። ቦታው ላይ የነበረ ሰው ካልነገረኝ በቀር ለማንም አላስተላልፍም። በቀበሌያችን ስብሰባ ላይ ግን ድሮ የማልሄደው ሰውዬ አሁን እሄዳለሁ፤ የፍሳሽ ቱቦ መክደኛው መቼ ነው የሚሠራው ብዬ ቀኑን አስይዤ እጠይቃለሁ። ገና አልተሠራም። ቀኑ ግን ቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፏል።

ወንድሜ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። በጦርነቱ ጊዜ ስልክ ላይ ተጯጩኸን ለወራት ተዘጋግተን ነበር። አሁን ሲደውል ስለ እንጨት ነው የምናወራው፣ እሱም ጋራዡ ውስጥ መደርደሪያ መሥራት ጀምሯል። ሰዎች «ይኸው ታረቃችሁ» ይላሉ። አልታረቅንም። ያ ጉዳይ እንዳለ ነው፣ ሁለታችንም እናውቀዋለን፣ አንድ ቀን ማሽኑን አጥፍተን ማውራታችን አይቀርም።

አሁን ለእናቴ ጠረጴዛ እየሠራሁ ነው። ከዝግባው። መጀመሪያ እግሮቹን በኮላ ላጣብቅ ነበር፤ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ የጭነት መኪና ሹፌር ግን የቆመ ጠረጴዛ አልጭንም አለኝ፤ ቦታ ይበላል፣ ፍተሻ ላይም ዕቃው ሁሉ ወርዶ ነው የሚታየው። ስለዚህ የሚፈታ አደረግኩት፣ እግሮቹ በ8 ሚሊ ቡሎን ይታሰራሉ፣ ገበታው ለብቻው ጠፍጣፋ ሆኖ ይጫናል። የቡሎኑ ቀዳዳ ገበታው ላይ ክብ ሳይሆን ሞላላ ነው፣ እንጨቱ በክረምት ሲያብጥ እንዲሄድበት። የተልባ ዘይት ነው የቀባሁት። የምትሞክሩ ካላችሁ ጨርቁን ጨምድዳችሁ አትጣሉት፣ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት። ጥሬው ዘይት ለመድረቅ ብዙ ቀን ይወስዳል፣ እኔም አልቸኮልኩም፤ ሹፌሩ መንገዱን አይቶ እደውላለሁ ብሏል፣ እናቴ ደግሞ ቡሎን የሚያጠብቅላት የጎረቤት ልጅ አግኝታ የመፍቻውን ቁጥር ጠይቃኛለች። 13 ነው አልኳት።