«ለቀቅኩ» አላለችም

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሩብ ነው። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ልጆቹ ሳይነሱ ለኔ ያለችኝ ጊዜ ይቺ ናት። 12 ሰዓት ተኩል ላይ የፋብሪካው ሰርቪስ አደባባዩ ጋ ይጠብቀኛል። የዶክትሬት መመረቂያዬን ምዕራፍ አራት ከፍቼ ከተቀመጥኩ ቆየሁ፤ አንድ መስመር አልጻፍኩም። እሁድ የሰማሁት ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። እዚህ ላስፍረው።

በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ 14 ዓመት ሆነኝ። ስጀምር ሰዉ «ፐርሶኔል» ነበር የሚለን። ፋይል ማደራጀት፣ ፈቃድ መመዝገብ፣ የሥራ ልምድ መጻፍ። አሁን ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የክፍሉ ኃላፊ ነኝ። ዶክትሬቱን ከሥራ ጎን መማር ከጀመርኩ ደግሞ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የዓመት ፈቃዴ ለኮርስና ለፕሮፖዛል አልቋል። ቅዳሜ ከሰዓት ስድስት ኪሎ፣ ኬኔዲ ላይብረሪ ነኝ። ባለቤቴ ልጆቹን ይዞልኝ ባይሆን ኖሮ የመጀመሪያውን ሴሚስተርም አልጨርስም ነበር። እናቴ አሁንም «ልጄ፣ አልበቃሽም?» ትለኛለች።

የገባሁበት ምክንያት አንድ ጥያቄ ነው። በየወሩ በር ላይ ማስታወቂያ እንለጥፋለን። በየወሩ ልጆች ይሰለፋሉ። እንቀጥራለን፣ ማሽን እናለምዳለን፣ መስመር ላይ እናስገባለን። ብዙዎቹ የ60 የሥራ ቀን ሙከራቸውን ሳይጨርሱ ይሄዳሉ። የኛ ችግር ብቻ አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ስለ ሠራተኛ ፍልሰት ያልተጻፈ የለም። የአመራር ስብሰባ ላይ መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ የፋብሪካ ሥራ ባህል የላቸውም። ይሄን መልስ እኔም ለዓመታት ተናግሬዋለሁ። ደመወዙ ትንሽ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ ይቋቋማል ቢልም፣ እስከዚያው ደመወዙ በየፋብሪካው ይወሰናል። ግን በዚያው ደመወዝ አንዷ ስትሄድ ሌላዋ ለምን ትቆያለች? እሱን ነበር ማወቅ የፈለግኩት።

መጀመሪያ ያሰብኩት መጠይቅ ነበር። የታወቁትን የውጭ መለኪያዎች ወደ አማርኛ መለስኩ። ለሙከራ 40 ቅጂ አባዝቼ በምሳ ሰዓት ራሴ በተንኳቸው። ሲመለሱ ደስ አለኝ፤ አንድም የጎደለ አልነበረም። ማታ ቤት ወስጄ ሳገላብጥ ግን ከላይ እስከ ታች «በጣም እስማማለሁ» ላይ ራይት የተደረገባቸው ወረቀቶች ተደራርበው አገኘሁ። «እዚህ መሥሪያ ቤት የቤተሰቡ አካል ሆኜ አይሰማኝም» የሚለው ላይም «በጣም እስማማለሁ»። ከዚያ በላይ ባለው መስመር «መሥሪያ ቤቴን እወደዋለሁ» የሚለው ላይም እንዲሁ።

አሉታዊ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ሲመጣ እውነትም ያስቸግራል። «አይሰማሽም?» ሲባል «አዎ» የሚል ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ፊቱን ካላዩ አይታወቅም። ክሮንባክ በ1951 እ.ኤ.አ. ያወጣውን፣ መልሶቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚያሳየውን የአስተማማኝነት መለኪያ ሠራሁ፤ ቢያንስ ይጠበቃል የሚባለውን 0.70 እንኳ አልሞላም። አማካሪዬ ዘንድ ይዤው ስሄድ የትርጉሙን ችግር ላስረዳው ተዘጋጅቼ ነበር። ወረቀቶቹን ለረጅም ጊዜ አገላበጠና «የበተንሽው ራስሽ ነሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ፈቃዳቸው ላይ የምትፈርሚው አንቺ፣ ማስጠንቀቂያ የምትጽፊው አንቺ። ምን ብለው ይመልሱልሽ?»

እውነቱን ነው። መጠይቁን ስበትን አንዷ ልጅ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ይዛ «እትዬ፣ ይሄ ደመወዝ ይነካል?» ብላኝ ነበር። አይነካም ብያት አልፌአለሁ። መልሱን እዚያው ነግራኝ ነበር፣ እኔ አልሰማኋትም።

እንግዲህ ዘዴውን ቀየርኩ። ከሄዱት ጋር፣ ከፋብሪካው ውጭ፣ ቁጭ ብሎ ማውራት። ቀላል አይደለም። በሕጉ ሙከራውን የጨረሰ ሠራተኛ ሊለቅ ሲል የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። የኛ ልጆች ግን እምብዛም አይሰጡም። አንድ ቀን አይመጡም፣ በቃ። የመልቀቂያ ቃለ መጠይቅ የምሞላላቸው ክሊራንስና የሥራ ልምድ ፍለጋ ለሚመለሱት ጥቂቶች ብቻ ነው። አንድ ምሽት የድሮ ቦክስ ፋይሎቹን ከስቶር አስወጥቼ አየኋቸው። ስቴፕሉ ዝጎ ወረቀቱን አቅልሞታል። የለቀቁበት ምክንያት በሚለው ቦታ በራሴ የእጅ ጽሑፍ «በግል ምክንያት» ይላል። ቀጣዩም «በግል ምክንያት»። ልጅቷ ፊቴ ቆማ ምን ብላኝ ነበር? አንዱንም አላስታውስም።

የእሁዷ ልጅ ካነጋገርኳቸው አሥራ ሁለተኛዋ ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ታሪኳን ግን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታለች። ሁለቱ አሁንም እኛ ጋ ይሠራሉ። ግድግዳው ጋዜጣ ተለጥፎበታል። በሩ ጀርባ ካለው ምስማር ላይ የፋብሪካችን ባጅ ተሰቅሏል፤ የሷ ነው፣ አልመለሰችውም። ባጁን ሳየው አይታኝ ደነገጠች። ለሱ አልመጣሁም አልኳት። ቡና አፈላች። ፈንዲሻም ነበር። እስከ ሁለተኛው ድረስ ስለ ፋብሪካው ምንም አላነሳንም።

ከዚያ ራሷ ጀመረች። እናቷ በሕፃንነቷ ነው የሞተችው። ያሳደገቻት ጎረቤታቸው ናት። ሴትዮዋ አረፈች ተብሎ ሲደወልላት የማታ ፈረቃ ላይ ነበረች። በነጋታው ፈቃድ ጠየቀች። «ምንሽ ናት? አሉኝ። አሳዳጊዬ አልኩ። አሳዳጊ ቅጹ ላይ የለም ተባልኩ።»

ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ ባል ወይም ሚስት፣ ወንድም፣ እህት። ከአዋጁ አሳጥሬ ነው የወሰድኩት። ለቅርብ ዘመድ ሞት ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ጎረቤት አልተጻፈም። ሕጉ ከዚህ በታች አትስጡ ነው የሚለው እንጂ ከዚህ በላይ አትስጡ አይልም። ይሄን ለአዲስ ሠራተኞች በማስተዋወቂያ ሥልጠና ላይ የማስረዳው እኔው ነኝ። «አልተፈቀደም» የሚለው ላይ የማን ፊርማ እንዳለ እሷ ታውቅ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሰኞ ፋይሏን አውጥቼ አየሁት። የኔ ነው።

ሄደች። ለሴትዮዋ ቀብር ደረሰች። የወሩ የአቴንዳንስ ቦነስ እንደሚቀር አውቃለች። «ሦስት ቀን ሆኜ ልመለስ ነበር» አለችኝ። «ከዛ ሱፐርቫይዘሯ ሰው ፊት ትጮህብኛለች ብዬ አንድ ቀን ጨመርኩ። ሲጨምር የባሰ ፈራሁ። ሌላ ቀን ጨመርኩ። እንዲሁ ቀረሁ።»

ቀረሁ። ቤት ገብቼ የአሥራ አንዱንም ልጆች ቃለ መጠይቅ ከፈትኩ። አብዛኞቹ ስለ ራሳቸው ሲያወሩ «ለቀቅኩ» አይሉም። ለፋሲካ አገር ቤት ሄጄ ቀረሁ። አሞኝ ተኝቼ ቀረሁ። እህቴ ስትወልድ ላርሳት ሄጄ ቀረሁ። እኔ ሳነበው የኖርኩት ስለ ውሳኔ ነው፦ ሠራተኛው ቅር ይለዋል፣ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፣ ያወዳድራል፣ ይወስናል፣ ይለቃል። እነዚህ ልጆች የወሰኑበትን ቀን ፈልጌ አጣሁት። አንድ ቀን ቀሩ፤ መመለሱ ከበዳቸው። በነዚያ ቀናት አንድ ሰው ደውሎ «ነይ፣ ምንም አይልሽም» ቢላቸው ይመለሱ ነበር? አምስቱ ሳልጠይቃቸው «ማንም አልደወለልኝም» ብለዋል።

ቃሉ ደግሞ ሁለቱንም ይዟል። ፋብሪካ ቀረች ማለት ሳትመጣ ቀረች ነው። አገሯ ቀረች ማለት እዚያው ሆነች ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ቴረንስ ሚቸልና ባልደረቦቹ ሰው ለምን እንደሚለቅ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚቆይ እንጠይቅ ብለው ነበር። ሰውን ሥራው ላይ ሥር የሚያሰድዱት ሦስት ነገሮች ናቸው አሉ፦ ከሰዎች ጋር ያለው ትስስር፣ ከቦታው ጋር መግጠሙ፣ ቢሄድ የሚያጣው ነገር። ይሄን ሳነብ የመጣብኝ የመሥሪያ ቤታችን እድር ነው። የቢሮው ሠራተኛ እድር አለው፣ ብድርና ቁጠባ አለው። እኔ አባቴ ሲሞት ድንኳኑን የተከለው፣ ሦስት ቀን አብሮኝ ያመሸው እድሩ ነው። ሌላ ቦታ የተሻለ ደመወዝ ሲመጣልኝ ያልሄድኩት አንዱ በሱ ነው። ኦፕሬተሮቹ የእድሩ አባል አይደሉም። «አይቆዩም፣ ሒሳቡን ያዛቡብናል» ተብሎ ነው። ያን ውሳኔ የያዝኩት ቃለ ጉባኤ አሁንም ካቢኔቴ ውስጥ አለ። የዚች ልጅ እናቷ ያህል የሆነች ሴት ሞታ ከፋብሪካችን አንድ ሰው ለቅሶ አልደረሰም።

ትናንት ለአማካሪዬ ደወልኩለት። መመረቂያው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለ«ቀረሁ» የሚሆን ቃል አላገኘሁም። ስሞክረው «አቆምኩ» ይሆንብኛል፣ ወይ «ጠፋሁ»። ትንሽ ዝም አለና «በፊደሉ አስገቢው፣ ከዚያ ሁለት ገጽ አስረጂበት» አለኝ። ፈታኞቹ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ምዕራፍ አራት ግን በሱ ነው የሚጀምረው።

የፈቃድ ቅጹንም እያስተካከልኩ ነው። ከ«እህት» ቀጥሎ አንድ ባዶ መስመር ጨምሬበታለሁ፦ «ሌላ፣ ይገለጽ»። ማኔጅመንቱ ሐሙስ ያየዋል። የእድሩን ነገርም አብሬ አነሳለሁ፤ ክርክር እንደሚኖረው ይታወቀኛል።

ትንሿ ልጄ ተነስታለች፣ ኮቴዋ ይሰማኛል። ቅዳሜ ላይብረሪ አልሄድም። ያቺ ልጅ ጋ ነው የምሄደው። ሰባት ወር አልፎታል፣ ቢሆንም ለቅሶ እደርሳታለሁ። መቅረጫውን ቤት ትቼው እሄዳለሁ።