የሙዚቃ ቲዎሪን በጊታር ክር ላይ መማር

ክላሲካል ጊታር የሚማር ሰው የሙዚቃ ቲዎሪን ከመሣሪያው ነጥሎ በወረቀት ላይ ብቻ ቢያጠና ትምህርቱ ቶሎ ይሰለቸዋል፤ እያንዳንዱን ደንብ ክር ላይ እየፈለገና በጆሮው እያረጋገጠ ቢያጠና ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ፒያኖ ላይ ሚ እና ፋ፣ እንዲሁም ሲ እና ዶ በተባሉት ድምፆች መካከል ጥቁር ቁልፍ ስለሌለ ግማሽ ቶን (በሁለት ድምፆች መካከል ያለው ትንሹ ርቀት) የት እንደሚውል በዓይን ይታያል። በጊታር አንገት ላይ ግን እያንዳንዱ ፍሬት (አንገቱን በሚያቋርጡ ብረቶች የተከፈለው ክፍል) ግማሽ ቶን በመሆኑ ልዩነቱን የሚያመለክት ነገር የለም። ስለዚህ የሜጀር ስኬልን (ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያለ የሚወጣውን የድምፆች መሰላል) ቅደም ተከተል፣ ማለትም ሁለት ሙሉ ቶን፣ አንድ ግማሽ፣ ሦስት ሙሉ፣ አንድ ግማሽ የሚለውን፣ በአንድ ክር ላይ ብቻ መጫወት እጅግ ይጠቅማል። ከቀጭኑ ሲቆጠር በሁለተኛው ክር 1ኛው ፍሬት ላይ ካለው ዶ ተነሥተን በ3፣ በ5፣ በ6፣ በ8፣ በ10 እና በ12 አልፈን 13ኛው ላይ ስንደርስ፣ እጃችን አንድ ፍሬት ብቻ የሚራመደው ከ5 ወደ 6 እና ከ12 ወደ 13 ሲሄድ እንደሆነ በግልጽ እናያለን።

የጊታር ኖታ ከተጻፈበት አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) ዝቅ ብሎ እንደሚሰማም ማወቅ ያስፈልጋል፤ በተለይ ከሌላ መሣሪያ ጋር ለሚጫወት።

ቲዎሪን ከልብ እንድወድ ያደረገኝ ግን ከሚ ሜጀር ኮርድ (አብረው ከሚመቱ ድምፆች ስብስብ) ወደ ላ ማይነር (ሐዘን የሚመስል ድባብ ወዳለው ኮርድ) የሚደረገው ሽግግር ነው። ሦስቱ ጣቶች ቅርጻቸውን ሳይለውጡ አንድ አንድ ክር ወደ ታች ስለሚወርዱ፣ ማንኛውም ጀማሪ ሽግግሩን ምክንያቱን ሳያውቅ ይለምደዋል። ሦስተኛውን ክር ለብቻው እየመታን ብናዳምጥ ግን ምሥጢሩ እዚያ ነው፦ 1ኛው ፍሬት ላይ ያለው ሶል ሻርፕ (ከሶል በግማሽ ቶን ከፍ ያለው ድምፅ) ግማሽ ቶን ከፍ ብሎ 2ኛው ፍሬት ላይ ወዳለው ላ ይገባል። የላ ማይነር ስኬል በተፈጥሮው ያለው ሶል ነው፤ ሻርፕ የሚደረገው ወደ ላ የሚስበው ኃይል እንዲበረታ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ጠቋሚ ጣትን ከሦስተኛው ክር አንሥቶ፣ ሚ ሜጀሩን ሚ ማይነር አድርጎ፣ ከዚያ ወደ ላ ማይነር መሄድ ይበቃል፤ ያ ስበት ወዲያው ይላላል።

ከዚህ በኋላ ኖታ ማንበብም ቀለለልኝ። በመነሻው ሻርፕም ፍላትም (ድምፅን በግማሽ ቶን ዝቅ የሚያደርግ ምልክት) የሌለበት ሥራ ውስጥ ሶል ሻርፕ ደጋግሞ ሲመጣ፣ ሥራው ከዶ ሜጀር ይልቅ የላ ማይነር ሳይሆን እንደማይቀር እገምታለሁ፤ የመጨረሻውን ባስ ድምፅ አይቼም አረጋግጣለሁ። ሬ ማይነርም የሚመራው በዚሁ ደንብ ነው፤ በላ ሜጀር ኮርድ ሁለተኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ያለው ዶ ሻርፕ 3ኛው ፍሬት ላይ ወዳለው ሬ ይገባል።