ጓሮው፣ ስፌቱና ክራሩ

ከ2014 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ እኛ የደሴ ጎረቤታሞች ቆሻሻ ይጣልበት የነበረውን ባዶ ቦታ አጽድተን ጎመን፣ ጤና አዳምና በሶብላ ተከልንበት። ቅዳሜ ጠዋት ኩትኳቶው ሲያበቃ እናቶች ስንደዶና አለላቸውን ይዘው ስፌት ይሰፋሉ፤ አንድ ወጣትም በአገራችን በወሎ ባሉ ቦታዎች ስም የሚጠሩትን ቅኝቶች፣ ባቲንና አምባሰልን፣ በክራሩ ይጫወታል። ልጃቸውን ያጡ አንዲት እናት ለወራት ቃል ሳይተነፍሱ ቆይተው፣ አንድ ቀን ወስፌያቸውን ከስፌቱ ሳይነቅሉ «ቀዩን አለላ እሱ ነበር የሚወደው» አሉን፤ እኛም እጃችንን ከሥራው ሳናነሳ አዳመጥናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከ3,000 በላይ ጥናቶችን ቃኝቶ ኪነ ጥበብ ለአእምሮ ጤና እንደሚረዳ ማመልከቱን ሳነብ እኒያን እናት አሰብሁ። ከባድ ድባቴ የያዘው ሰው ሕክምናውን መተው እንደሌለበት ግን አጥብቄ እናገራለሁ። አሁን ለቡናችን ጤና አዳም ቀጥፈው የሚያመጡልን እሳቸው ናቸው።