«ያጠራል»

በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር ኮስሞቲክስ ቤት «ነጭ ያደርጋል» ተብሎ ክሬም ሲሸጥ እምብዛም አይሰማም። ካርቶኑ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ቃል ግን ማንጣት ማለት ነው። ባንኮኒው ጋ ሲደርስ ስሙ ይለወጣል፤ «ያጠራል»፣ «ያቀላል»፣ «ማዲያት ያጠፋል» ይባላል።

ሳስበው ተንኰሉ እዚህ ላይ ነው። የመልክ አጠራራችን የራሳችን ነው፦ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር። «ነጭ» ከዚህ ውስጥ የለም፤ ለፈረንጅ የተተወ ነው። ፈረንጅ መምሰል አማረኝ የሚል ጎጃሜ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል፤ «ትንሽ ቀላ ብል» የሚል ግን ሞልቷል። የሌላ አገር የዘር ደረጃ በእኛው ቃል ተጠቅልሎ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። (ጠይም የሚያወድስ ዘፈን እንደማያልቅብን አውቃለሁ። ክሊፑ ላይ የምትታየው ግን ብዙ ጊዜ ቀዩዋ ናት።)

ስለዚህ ሻጩ ያለውን ትቶ የካርቶኑን ጀርባ ማንበብ ይሻላል። ሦስት ነገር መፈለግ ነው። አንዱ ሃይድሮኪኖን ነው፤ ቆዳ ቀለሙን እንዳይሠራ ይከለክላል። ሐኪም ሲያዝዘው ብዙ ጊዜ 4 በመቶ ሆኖ ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ለዓመታት የተቀባ ፊት ጉንጩ ላይ ሰማያዊ የተቀላቀለበት ጥቁረት ሊያወጣ ይችላል፤ ያ ደግሞ በቀላሉ የሚለቅ አይደለም። ሁለተኛው ክሎቤታሶል ነው፣ አንዳንዴም ቤታሜታሶን። ክሎቤታሶል 0.05 በመቶ ለከባድ የቆዳ ሕመም የተሠራ፣ ያለ ሐኪም ምክር ከሁለት ሳምንት በላይ የማይቀባ፣ ለፊት የማይመከር መድኃኒት ነው። ባንድ ሳምንት «ጠራሁ» የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ቆዳውን ያሳሳዋል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ብጉር ያመጣል። በድንገት ሲያቆሙት ፊት ደም መስሎ ይቀላል፣ ያቃጥላል፤ ሰው «ክሬሙ ሲያልቅብኝ ተበላሸሁ» ብሎ ተመልሶ ይገዛዋል። ለወራት የተቀባ ሰው የሚያቆመው በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው።

ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው፣ ባዜቃ። ኩላሊት ይጎዳል፤ በፎጣና በአንሶላ አልፎ ሕፃን ዘንድ ይደርሳል። ስሙ ላይጻፍ ስለሚችል ማስጠንቀቂያውን ማየት ነው፦ «ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም አያነካኩ» የሚል ካለ ይጠርጠር። ምን እንዳለበት ጨርሶ ያልተጻፈበት፣ በሻጭ እጅ ተበጥብጦ በትንሽ ዕቃ የሚሸጠውንማ አለመግዛት ነው።

ማዲያቱ እውነተኛ ችግር ነው፤ አላቃልለውም። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የፀሐይ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። የጎጃም ሴት ጃንጥላ ከብዙ ክሬም ይበልጣል። የፀሐይ መከላከያ የሚገዛ ሰው ቡናማ ቀለም ያለውን ቢመርጥ ጥሩ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው አይረን ኦክሳይድ ማዲያት የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃን ጭምር ይከላከላል፤ ነጩ ግን በውስጡ ያለው ዚንክ ጠይም ፊት ላይ አመድ ይመስላል። መጠኑ በሁለት ጣት ርዝመት የተጨመቀ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ጥቅሙም ያንሳል።

ፋውንዴሽን ላይ፣ ማለትም የቆዳ ቀለም ባለው የፊት መዋቢያ ላይ፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ችግሩ የሚገዛ አለመኖሩ ነው። ኢትዮጵያዊቷ ሞዴል ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካው መዋቢያ ኩባንያ የኤስቴ ላውደር የመጀመሪያዋ ጥቁር የማስታወቂያ ፊት ሆነች፤ የዘፋኟ ሪሃና መዋቢያ ፌንቲ በ2017 በ40 ዓይነት ቀለም ገበያ ገባ። እኛ መደርደሪያ ላይ የሚደርሰው ግን ፈዛዛው ሁለት ሦስት ዓይነት ነው። የእጅ ጀርባ ላይ መሞከር ያሳስታል፤ እጅ ከፊት ይጠቁራል። መንጋጋ ላይ ሁለት ሦስት መስመር ይሰመርና ከሱቁ በር ወጥቶ 10 ደቂቃ መጠበቅ ነው። አንዳንዱ ሲደርቅ ይጠቁራል፣ የሱቁ አምፖል ደግሞ ይዋሻል። የጠፋው መስመር የእርስዎ ነው። ወደ ሮዝ የሚያደላው ፋውንዴሽን ጠይም ፊት ላይ ወደ ግራጫ ይሄዳል፤ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ብርቱካን ያደላውን መያዝ ይሻላል። ልኩ ከጠፋ አንድ ጠቆር ያለና አንድ ፈዛዛ ገዝቶ መቀላቀል ያዋጣል።

የጥር ሠርግ ፎቶም ያው ነው። ሙሽራዋ፣ ሚዜዎቹ፣ እናቶች ሁሉ በነጭ ጥበብና በነጠላ ናቸው። ካሜራው ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃን በዝቷል ብሎ ይቀንሳል፤ ፊት ይጨልማል። ከዚያ ፎቶ ቤቱ ፊቱን ብቻ ለይቶ ያነጣዋል፣ አንገትና ፊት የሁለት ሰው ይሆናሉ። በስልክ ከሆነ የፊት ማስዋቢያ ፊልተሩን አጥፍቶ፣ ሰዎቹን ጥላ ውስጥ አቁሞ፣ ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን ነክቶ ብርሃኑን ትንሽ ከፍ ማድረግ በቂ ነው። ጥበቡ ጥቂት ቢፈዝ ማን ይከፋዋል?

ስለ ፊት ካነሣን አይቀር፣ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ዓይናቸው የሰፋ፣ የእኛን ሰው የሚመስሉ ፊቶች አሉ። በድሮው የአሣሣል ወግ ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፣ ክፉው በጎን ባንድ ዓይኑ። በየቤተ ክርስቲያኑ በር የሚሸጠው የታተመ ሥዕል ግን ብዙው ፀጉሩ ወርቅማ ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ቤት ውስጥ የሚሰቀለውም እሱ ነው። የብራና ሥዕል መግዛት የቻለ ሰው ብራናው እውነተኛ መሆኑን ወደ ፀሐይ ዘርግቶ ይየው፤ የፍየሉ ፀጉር የነበረበት ቀዳዳ ባንድ ወገን ይታያል።