«ይሄ ንፋስ ነው»

ዛሬ ጠዋት ፒያሳ አንድ ፀጉር ቤት ጢሜን ልላጭ ገባሁ። ከቆርቆሮ የሚነፋውን ፎም ነበር የጠበቅኩት። ሽማግሌው ግን ብሩሹን ከሞቀ ውሃ አውጥተው አራገፉና ሳሙናው ላይ ያሽከረክሩት ጀመር።

ቸኩያለሁ። «ጋሼ፣ አረፋው ወጣ እኮ!» አልኳቸው።

«ይሄ ንፋስ ነው ልጄ።»

እውነትም ትልልቅ ፊኛ ነበር፣ ልብስ ሲታጠብ እንደሚወጣው። ጣታቸውን ነክረው አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አደረጉበት። አሹት። ደግሞ አንድ ጠብታ። ደግሞ አሹት። ፊኛው ቀስ በቀስ ጠፋና እንደ እርጎ ወፍሮ ማብረቅረቅ ጀመረ። (የማኪያቶ አረፋ ልበለው እንዴ? ፒያሳ ነን።) ከዚያ ጎድጓዳ ሳህኑን ዘቀዘቁት። ንቅንቅ አላለም።

«ውሃ ካነሰው ፊትህ ላይ ይደርቃል፣ ከበዛው ይፈስሳል። ያኔ ምላጩ ቆዳህን ያገኘዋል።»

እኔ ደግሞ ቤት ስላጭ አንገቴ በተቃጠለ ቁጥር ምላጩን ነበር የምረግመው። ስንቱን ነገር «አረፋው ወጣ» ብዬ ጀምሬው ይሆን?

ቢሮ 15 ደቂቃ አርፍጄ ገባሁ። አለቃዬ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ምነው፣ ዛሬ ሚዜ ነህ እንዴ?»