ሶላር በሐምሌ ይለካል

ጅማ ላይ ሰው ሶላር የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ በጥርና በየካቲት ነው። ቡናው ተሸጧል፣ እጅ ላይ ገንዘብ አለ፣ ሰማዩም ጥርት ብሏል። ነጋዴው ፓኔሉን ደጅ አቁሞ ቴስተር ሲያስነካው የሚወጣው ቁጥር ልብ ይሞላል። ሰኔ ሲገባ ያው ዕቃ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ጢጥ ጢጥ እያለ ይጠፋል፤ ባለቤቱም ተጭበረበርኩ ይላል። ተጭበርብሮም ሊሆን ይችላል፤ መለያውን ዝቅ ብዬ እጽፋለሁ። ብዙ ጊዜ ግን ዕቃው ጤነኛ ነው፤ የተለካው ለጥር መሆኑ ነው ጣጣው።

አለካኩ ይኸውላችሁ። መጀመሪያ የቤቱን ፍጆታ በዋት-ሰዓት ጻፉ። 7 ዋት የሆኑ 6 አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 210 ይሆናል። 50 ዋት ቴሌቪዥን ለ5 ሰዓት 250። ቀን ከሌት የማይጠፋ 10 ዋት የዋይፋይ ራውተር 240፤ ትንሽ መስሎ ከቴሌቪዥኑ እኩል ይበላል። አራት ስልክ 60። እስካሁን 760 ሆነ። መካከለኛ ፍሪጅ ሲጨመርበት ሌላ 1,000 ይመጣል፣ ድምሩ 1,760። ይህን ለ0.75 አካፍሉት፣ ሩቡ በሽቦ፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚለውጠው ኢንቨርተር፣ በባትሪና በፓኔል ሙቀት ይባክናልና። 2,350 ገደማ ይወጣል።

ቀጥሎ ለፀሐይ ሰዓት ማካፈል ነው። ሙሉ የፀሐይ ሰዓት የሚባለው የቀኑ ብርሃን ሁሉ ተጠራቅሞ በጠራራ የቀትር ፀሐይ ቢመነዘር ስንት ሰዓት ይወጣዋል የሚለው ነው። በ6 ስታካፍሉ 390 ዋት ፓኔል ይበቃል ይላችኋል። ይህ የጥር መልስ ነው። ለሐምሌና ለነሐሴ 4ን ውሰዱ፤ ቤቱ ከተራራ ጥግ ወይም ከዛፍ አጠገብ ከሆነ 3.5። በ4 ሲካፈል ወደ 590 ይመጣል፣ ያውም በአማካይ። ሰማዩ ሦስት ቀን ተከታትሎ ሲጨፈግግ ፓኔል ከተጻፈበት ኃይል ሩቡን እንኳ ላይሰጥ ይችላል። ስለዚህ ለዚህ ቤት 550 ዋት የሆኑ ሁለት ፓኔሎች ያስፈልጋሉ።

«አልበዛም ወይ?» የሚል ይኖራል። በአውሮፓውያን 2010 ቢሆን አዎ፤ ያኔ አንድ ዋት ፓኔል ከፋብሪካ የሚወጣው 2 ዶላር አካባቢ ነበር። በ2024 እዚያው ፋብሪካ በር ላይ ወደ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ወርዷል። ከ80 በመቶ የሚበልጠው የማምረቻ ሰንሰለት ቻይና ውስጥ ስለሆነ የቤጂንግ ውሳኔ ጅማ ገበያ ድረስ ይሰማል፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ለላኪዎች ይመለስ የነበረው ታክስ ከ13 ወደ 9 በመቶ መቀነሱ ለዚህ ምሳሌ ነው። ከዚያ በፊት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲደረግ በብር የሚከፈለው ሁሉ ዘሎ ነበር። ያም ሆኖ ከጠቅላላው ዕቃ ርካሹ አሁን ፓኔሉ ነው። ገንዘብ ከተረፋችሁ ፓኔል ጨምሩ። የክረምቱ ብርሃን ራሱ ቀጥኖ ሳለ ባትሪ መደራረብ ምንጩ ሳይጨምር እንስራ ማብዛት ነው።

ሐሰተኛ ፓኔል በሜትር ይያዛል። ጥሩ ዘመናዊ ፓኔል ከአንድ ካሬ ሜትር ከ200 እስከ 230 ዋት ይሰጣል። እውነተኛ 550 ዋት ርዝመቱ 2.28፣ ወርዱ 1.13 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 27 ወይም 28 ኪሎ ነው። ርዝመቱ 1.48፣ ወርዱ 0.67 ሆኖ «300 ዋት» የተለጠፈበትን ቴስተር ሳታስነኩ ተዉት፤ አንድ ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሱቅ በር ላይ የሚታየው ቮልት ምንም አያረጋግጥም፤ 50 ዋቱም 150 ዋቱም ያንኑ 22 ቮልት ሊያሳዩ ይችላሉ። የሚያጋልጠው አምፔሩ ነው። ትልቁ ፓኔል ሁለቱ ጫፎቹ ሲገናኙ እስከ 14 አምፔር ስለሚሰጥ የተራ ቴስተር 10 አምፔር ፊውዝ ይበጠሳል፤ ዲሲ (ከፓኔልና ከባትሪ የሚወጣውን ባለ አንድ አቅጣጫ ኃይል) የሚለካ፣ ሽቦውን አቅፎ የሚያነብ ክላምፕ ሜትር ተጠቀሙ።

ጣሪያ ላይ ሲወጣ «ወደ ደቡብ 30 ዲግሪ አዘንብል» የሚል ምክር ይመጣል። ይህ ከምድር ወገብ ርቆ ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው። ጅማ በ7.7 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ የሚቆመው ከአናታችን በስተሰሜን ነው። 30 ዲግሪ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ፓኔል ልክ በጨለማው ወቅት ለፀሐይ ጀርባውን ሰጠ ማለት ነው። በሰኔ ቀትር ከቀጥታው ጨረር 70 በመቶውን ብቻ ይይዛል፤ በ10 ዲግሪ ያዘነበለው ግን 90 በመቶውን። የደመና ብርሃን ደግሞ ከሰማዩ ሁሉ ስለሚመጣ ጋደም ያለ ፓኔል ይወዳል። 10 ዲግሪ ይበቃል፤ እሷም ዝናቡ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድ ያህል ናት። ጨርሶ ጠፍጣፋ ከሆነ የታችኛው ጠርዝ ላይ ውሃ ይቋጥርና በዚህ እርጥበት አረንጓዴ ሽበት ያበቅላል።

የፓኔሉን ብረት ከቆርቆሮው ጋር ሳይሆን ከሥሩ ካለው ሞራሌ ጋር እሰሩት፤ ቀዳዳው በቆርቆሮው ማዕበል ጫፍ ላይ ይሁን እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይሁን፣ የጎማ ዋሸርም ይግባበት። ከቆርቆሮው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ነፋስ እንዲያልፍበት። የአቮካዶ ወይም የግራቪሊያ ቅርንጫፍ ጥላ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የማይደርስበትን ቦታ ምረጡ። ፓኔል ውስጡ በሦስት ይከፈላል፤ መዳፍ የምታህል ጥላ አንዱን ክፍል ብትይዝ ሲሶውን ልታጠፋ ትችላለች።

አሁን ብዙ ዕቃ ወደሚቃጠልበት ቦታ ደረስን። 550 ዋት ፓኔል ሳይገናኝ ሲለካ 50 ቮልት ገደማ ነው። ቁጥሩ የፓኔሉ ሙቀት 25 ዲግሪ ሲሆን ያለው ነው። ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ይወጣል፣ በየዲግሪው 0.27 በመቶ አካባቢ። ጅማ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት 10 ዲግሪና ከዚያ በታች ስለምትወርድ 4 በመቶ ጨምሩበት። ሦስት ፓኔል በሲሪስ (የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር፣ ቮልቱ እየተደመረ) ሲያያዝ 150 የነበረው 156 ሆነ ማለት ነው። ከፓኔል ወደ ባትሪ የሚገባውን በሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ላይ «ከፍተኛ 150 ቮልት» ተብሎ ከተጻፈ ዓመቱን ሙሉ ሊሠራ ይችላል፤ ከዚያ በአንድ ውርጫማ ማለዳ፣ ፀሐይ ፓኔሉን ነካ ስታደርገው፣ ይሞታል። ሁለት በሲሪስ 104 ነው፤ ለ150ው ምቹ ሲሆን «100 ቮልት» ለተጻፈበት ግን ያው ሞት ነው። ለሁለቱ ፓኔል ኤምፒፒቲ የሆነ (የፓኔሉን ከፍ ያለ ቮልት ለባትሪው አውርዶ በአምፔር የሚመልስ)፣ 150 ቮልት የሚችል፣ 40 አምፔር ኮንትሮለርና 24 ቮልት ባትሪ ውሰዱ። በ12 ቮልት ልሂድ ብትሉ ወደ 80 አምፔር ትደርሳላችሁ፤ ሽቦውም ኮንትሮለሩም ይወደዳል።

ሽቦን በተመለከተ ስሌቱ አጭር ነው። 12 ቮልት ፓኔል 10 አምፔር ይዞ 15 ሜትር ርቆ ከተሰቀለ፣ ደርሶ መልሱ 30 ሜትር ነው። በ2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) መዳብ 2.1 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፣ ባትሪውም መቼም ጢም አይልም። ሁለቱን ትልልቅ ፓኔሎች በሲሪስ አድርጋችሁ በ6 ካሬ ስታወርዱ የሚጠፋው 1.1 ቮልት፣ ሲሠሩ ከሚሰጡት 84 ቮልት 1.3 በመቶ ብቻ ነው። ሽቦውን ሳትከፍሉ ጫፉን በቢላ ፋቁት፤ ውስጡ ብር መሳይ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነውና መልሱት። ከፓኔል ለሚመጣው መስመር የቤት መብራት ብሬከር አታስገቡ። ዲሲ ሲቋረጥ የሚፈጠረው ብልጭታ በዚያ ብሬከር ውስጥ አይጠፋም፤ ብሬከሩን ያቀልጠዋል። በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ እዚያው አጠገቡ፣ ፊውዝ ይግባ። ለ2 ኪሎዋት ኢንቨርተር በ24 ቮልት 125 አምፔር ፊውዝና 35 ካሬ ኬብል ነው። ለመብረቁ ደግሞ ድንገተኛውን ቮልት ወደ መሬት የሚያወርድ ሰርጅ አሬስተርና መሬት ውስጥ የገባ የኧርዝ ዘንግ አይቅር፤ ይህ አገር መብረቅ አይነፍገውም።

ባትሪ ላይ ቆም ልበል፣ ክረምት የሚገድለው እሱን ነውና። ጄልም ሆነ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ይጎዳል፤ የባሰው ጉዳት ግን ሳይሞላ ሰንብቶ መቆየቱ ነው። ሐምሌን ሙሉ በ60 በመቶ የከረመ ባትሪ ሳህኑ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፤ መስከረም ላይ ፀሐይ ስትወጣ ቶሎ የሞላ ይመስላል፣ ቶሎም ይጠፋል። ሰው «ባትሪው በአንድ ዓመት ሞተ» የሚለው ይህንኑ ነው። እውነተኛ 12 ቮልት 200 አምፔር-ሰዓት ጄል ከ55 እስከ 60 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሰው ብድግ አድርጎ በትከሻው ይዞት ከሄደ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ነው። ገበያው ላይ ሚዛን ሞልቷል፣ አስመዝኑት።

ሊትየም ከሆነ 25.6 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት፣ ማለትም 2.56 ኪሎዋት-ሰዓት፣ ለምሳሌያችን ቤት ይበቃል፤ 80 በመቶውን ብትጠቀሙ 2 ኪሎዋት-ሰዓት ታገኛላችሁ። በግማሽ ሙሌት መክረሙ አይጎዳውም፤ ለጅማ ክረምት ከጄል የምመርጠውም በዚህ ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ኮንትሮለሩ በጄል ወይም በአሲድ ቅንብር ላይ ከቀረ አልፎ አልፎ ቮልቱን ከፍ አድርጎ ማመጣጠን ይሞክራል፤ ያኔ ቢኤምኤሱ (ባትሪው ውስጥ ያለው መጠበቂያ) ባትሪውን በድንገት ይቆርጠዋል፣ ቤቱ በጠራራ ፀሐይ ይጨልማል። ሁለተኛ፣ በቮልት ብቻ የሚሠራው የባትሪ ምልክት ለሊትየም ይዋሻል፤ ሙሌቱ 80 ሆነ 40 ቮልቱ ብዙም አይለወጥም።

«ትልቅ ኢንቨርተር ይሻላል» የሚለውም ምክር ዋጋ ያስከፍላል። ሁሉን በአንድ የያዘው 5 ኪሎዋት ሃይብሪድ ምንም ሳይሠራ 50 ዋት ሊበላ ይችላል፤ በቀን 1.2 ኪሎዋት-ሰዓት፣ ከፍሪጁ በላይ። የትልቁ ኢንቨርተር ፍላጎት የሚመጣው ከእንጀራ ምጣድ ነው። ምጣዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ የምሳሌያችንን ባትሪ ከአንድ ሰዓት በታች ይጨርሰዋል። ምጣዱን ለመብራት ኃይሉ ተዉለት። መስመሩ ማታ ማታ ቮልቱ የሚወርድበት ሰፈር ካላችሁ ደግሞ የሃይብሪዱን የመስመር ቅበላ ከ«ዩፒኤስ» ወደ «አፕላያንስ» ቀይሩት፤ በመጀመሪያው 170 ቮልት ላይ መስመሩን አልቀበልም ይልና ባትሪ ይጨርሳል፣ በሁለተኛው እስከ 90 ይታገሳል። ፍሪጃችሁ ዝቅተኛ ቮልት የማይወድ ከሆነ ግን አትንኩት።

ግድቦቹ ደጃችን እያሉ ይህ ሁሉ ለምን? ግልገል ጊቤ 1 184 ሜጋዋት፣ ጊቤ 2 420፣ ጊቤ 3 1,870፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150። ኃይሉ መመንጨቱ አንድ ነገር ነው፤ ዛፍ በወደቀበት መስመርና ከአቅሙ በላይ በተሸከመ የሰፈር ትራንስፎርመር በኩል ቤት መድረሱ ሌላ። እንደ አገር ካየነው ፀሐይና ውሃ ይደጋገፋሉ፤ በጋ ላይ ግድቡ ሲጎድል ፀሐዩ ይበረታል፣ ክረምት ላይ ይገለበጣል። ቤት ውስጥ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ነፋስና ዝናብ መስመሩን የሚጥለው ልክ ፓኔሉ በደከመበት ወር ነው። በአገር ደረጃ ያለው የፀሐይና የውሃ መደጋገፍም ወረቀት ላይ ቀርቷል። በአውሮፓውያን 2019 ጋድና ዲቼቶ ለተባሉት የሶላር ጣቢያ ዕቅዶች፣ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋዋት፣ በኪሎዋት-ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ዋጋ ቀርቦ ነበር፤ በዓለም ከርካሾቹ አንዱ። እንቅፋት ከሆኑት አንዱ ብር ወደ ዶላር የመለወጡ ዋስትና ነበር፤ ፀሐይ አልጎደለችም።

እውነቱን ለመናገር ሶላር የመብራት ሂሳብ በመቀነስ ወጪውን አይመልስም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ቢጨምርም ታሪፉ ገና ዝቅተኛ ነው። ስሌቱ የሚሠራው መብራት ሲጠፋ ገቢ ለሚቆምበት ነው፤ ለፀጉር ቤት፣ ለመድኃኒት ቤት፣ ለፎቶ ኮፒ። የቡና መፈልፈያ ጣቢያም ሶላር ያዋጣኛል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ግን እሸቱ ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ ይመጣል፣ የሚፈለፈለውም ያንኑ ምሽት ነው፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ። ሞተሩን ለናፍጣው ትቶ ቀን የሚሠራውን የውሃ ፓምፕና የቡና ማድረቂያ አልጋ ጥበቃውን መብራት በሶላር ማድረግ ያዋጣል።

ርክክቡን በቀትር አድርጉት። የፓኔሉን ቮልትና አምፔር፣ የባትሪውን ቮልት፣ የኮንትሮለሩን ቅንብር አስለኩ። ሥራው ሰዓት ያህል ከሮጠ በኋላ የፓኔል ሽቦዎቹ የሚገናኙባቸውን የኤምሲ4 ማያያዣዎች በመዳፋችሁ ዳስሱ፤ ከጎረቤቱ የሞቀ ካለ በደንብ አልተጨመቀም፣ ይቆረጥና እንደገና ይሠራ። ቁጥሮቹን በብሬከር ሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በማርከር ጻፏቸው፤ በሐምሌ የሚጠራው ባለሙያ ማነጻጸሪያ የሚሆኑት እነሱ ናቸው።