ጉቶ በአነስተኛ ትራክተር ሲነቀል

ከኋላው የመቆፈሪያ ክንድ በተገጠመለት አነስተኛ ትራክተር መሬቴን ከጉቶ ሳጸዳ፣ ማሽኑ ትልቅ ጉቶ በአንድ ጊዜ መንግሎ እንዲያወጣ መጠበቅ እንደማይገባ ተረድቻለሁ። ስለዚህ የማረጋጊያ እግሮቹን መሬት ላይ አጥብቄ ካሳረፍሁ በኋላ በጉቶው ዙሪያ እቆፍራለሁ፤ ወደ ጎን የተዘረጉትን ሥሮችም በክንዱ ጫፍ ባለው የመቆፈሪያ ባልዲ ጥርሶች አንድ በአንድ ወደ ራሴ እየሳብሁ እበጥሳለሁ። ክንዱን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ሥር ለመስበር መሞከር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ክንዱን የሚያዞሩት የሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት የሚሠሩ) ሲሊንደሮች ለእንዲህ ዓይነቱ ጫና አልተሠሩምና።

ዛፉ ሲቆረጥ ግንዱን ከፍ አድርጎ መተው እጅግ ይረዳል፤ ሥሮቹ ከተበጠሱ በኋላ ከጫፉ ሲገፋ ግንዱ ራሱ እንደ ማንሻ ያገለግላል። የወጣውን ጉቶ አፈሩ ደርቆ እስኪረግፍ ድረስ አጋድሜ አቆየዋለሁ፤ ለሙ የላይኛው አፈር ከሥሩ ጋር ተጭኖ ሲሄድ ማየት ያሳዝነኛል።